የባንቺአየሁ የሁለት ዶሮ ሙግት

እንቁላል ካለ አምጡ። ወደ መስኮቱ ያዙና በብርሃን ተመልከቱት። አዙሩት። በር አለው? ስንጥቅስ? የለውም። እናቲቱ ዘግታ ነው የሰጠችን። እንግዲህ በዚህ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ማንም እጁን ሳይሰድበት፣ ዓይን ይሠራል፤ ልብ ይሠራል፤ አከርካሪና ላባ ይሠራል። ይህን ልብ በሉልኝና እንቁላሉን አጠገባችሁ አስቀምጡት። እንዳትበሉት፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

የምነግራችሁ ስለ ባንቺአየሁ ነው። ሐውልት አልቆመላትም። ባሕር ዳር ላይ ከምላሱ በቀር ምንም ያልሠራ ሰው ፎቶግራፉ በየግድግዳው ሲሰቀል ሲወርድ ዓይኔ እያየ ኖሬአለሁ፤ የእሷ ግን አንድም ቦታ የለም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ። የሚከፋው ይክፋው።

ዘጌ ተወልዳ፣ ገና ልጅ ሳለች መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን አግብታ ወደ ከተማ መጣች። መሪጌታ ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ተማሪውም፣ ጎረቤቱም፣ እሷም ራሷ «የኔታ» እያልን ነው የምንጠራቸው። እሷ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ገባች። እኔም እዚያው ነበርሁ። «ባል ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ሚስት አቡጀዴ ትሸምናለች፤ ቤታችን ግን ዛሬም ብርድ ያስገባል» ትል ነበር።

ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ያውቃል፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ስለዚህ እኛ ሸማኔዎቹ በድምፅ አናወራም፤ አንዳችን የሌላችንን ከንፈር ነው የምናነበው። ከማዶ ማዶ ሐሜት እንኳ በከንፈር እናደርሳለን። ባንቺአየሁ ግን በከንፈርም በድምፅም ነበረች። ቤቷ ገብታም ማሽኑ የቆመ አይመስላትም። የእሷ ሹክሹክታ ከእኔ ግቢ ይሰማል። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ የነገረችኝን ነገር በማግስቱ ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ከእሷው አፍ ሰምተውት።

ምስጢር የማያድርባት ይህች ሴት ግን አንዲት ምስጢር ነበረቻት። በግራ ጡቷ ሥር እንደ ሽንብራ ጀምራ ወደ ባቄላ ያደገች ጠጠር። የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው። እሳቸውም ፈርተው ነበር። እኅታቸው አገርነሽ በዚሁ ነቀርሳ ሆስፒታል ገብታ፣ ተቀድዳ ወጥታ፣ ብዙም ሳትቆይ ሞታለች።

«ብረት ከነካው ይበተናል» አሏት። «እኅቴን በዓይኔ ያየሁ ነኝ። ብረት አይነካሽም። ጠበል ትጠጫለሽ፤ እጸልይልሻለሁ።»

«ብረት ከነካው ይበተናል!» ይህችን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማን እንዳመጣት አላውቅም፤ ስንት ሴት ይዛ እንደ ወረደች ግን አውቃለሁ፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሴቲቱ ትደብቃለች፣ ትደብቃለች፤ መደበቅ ሲያቅታት ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ያኔ ጊዜው አልፏል፤ ትሞታለች። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ብረት ነክቷት እኮ ነው» እንላለን። የዘገየነው እኛ፣ የሚወቀሰው ብረት!

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ዘመኑ የደርግ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓ.ም. ነው። ቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት እንማራለን። አስተማሪያችን እሌኒ ናት። ከአሰላ ተመድባ የመጣች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር፣ በባንቺአየሁ ግቢ በደባልነት የምትኖር ወጣት። ፊደሉን ከጨረስን በኋላ ስለ ጤና አንዳንድ ነገር ትጨምርልናለች። አንድ ቀን ስለ ሕዋስ አነሣች።

«የሰውነታችን ሽፋን ሁሉ» አለች፣ «ቆዳውም፣ የአንጀቱ ገበርም፣ የጡት ወተት የሚወርድበት ቦይም፣ ሕዋሳቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ ናቸው። በፈረንጅኛው ኤፒቴልየም ይሉታል።»

«ሸማ ነው በያ!» አለች ባንቺአየሁ። «ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ።»

«አዎ፣ እትዬ ባንቺአየሁ። ሌሎቹ ደግሞ አልተያያዙም። ልቅ ናቸው። በየመካከሉ ይንሸራሸራሉ። ሜዘንካይም ይባላሉ።»

«እነዚያ ባዘቶ ናቸው። ገና ያልተፈተለ ጥጥ።»

«እንዲህ ከገባዎትማ ደመወዜን ይካፈሉኝ» አለች እሌኒ እየሳቀች። «ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ፅንስ ሲሠራ፣ ሸማው ተፈትቶ ባዘቶ ይሆናል። ሕዋሱ የጎረቤቱን እጅ ይለቅና፣ መልኩን ለውጦ፣ እየዳኸ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ ቦታው ሲደርስ፣ ተመልሶ ይያያዝና ሸማ ይሆናል።»

«ውሸት!»

ባንቺአየሁ ናት። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

«ስንት ዘመን ስሸምን አቡጀዴ ተመልሶ ባዘቶ ሲሆን አላየሁም! ሲቀደድ አይቻለሁ፣ ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ ባዘቶ ሲሆን ግን በፍጹም!»

«ከሰልፍ እንደ መውጣት ያስቡት፣ እትዬ» አለች እሌኒ።

ምን ነካት! ያን ጊዜ «ከሰልፍ መውጣት» ቀልድ አልነበረም፤ ያሳስር ነበር፤ «ሕዋስ» የሚለውም የድብቅ ፓርቲ ቡድን ስም ነበረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ ከኋላ ወንበር ተነሣ። የሕዋስ ነገር እስከዚያ ድረስ አሸልቦት ነበር።

«ጓድ መምህርት፣ ይህ ከሰልፍ የሚወጣው ሕዋስ ምን ዓይነት ሕዋስ ነው? ለሰፊው ሕዝብ በግልጽ ይነገር።»

እሌኒ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ያኔ ባንቺአየሁ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጓድ አካሉ፣ ባለፈው ለአብዮት በዓል እኛ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ስንሄድ እርስዎ የት ነበሩ?»

«መድረክ ላይ ነዋ!»

«እንግዲያማ ከሰልፉ ወጥተው ነበር ማለት ነው። እርስዎም ሰልፉ ውስጥ ቢቀሩ ማን ያጨበጭብልን ነበር?»

አንዷ ከት አለች፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አካሉ ይቆጣ ወይስ ይኩራ አላወቀም፤ ኋላ እሱም ሳቀ። እሌኒ ጠመኔዋን አነሣች።

«ልክ ናቸው» አለች ቶሎ ብላ። «ተጠርቶ የሚወጣ አለ። አጥንታችን፣ ጡንቻችን፣ የፊታችን ቅርጽ ሳይቀር፣ ተጠርተው በወጡ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እነሱ ባይወጡ ሁላችንም እንደ ብራና የተዘረጋን በሆንን። ክፉው ሳይጠራ የሚወጣው ነው። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚጠረጥሩት፣ ካንሰር ይህንኑ የፅንስ ዘዴ ይሰርቃል። እንደ ሸማ ተያይዞ ባንድ ቦታ የነበረው እብጠት፣ ሲቆይ ጠርዙ ላይ ይፈታል፤ ባዘቶ ሆኖ በደም መንገድ ይሄዳል፤ ሳንባ ወይም አጥንት ውስጥ ደርሶ ተመልሶ ሸማ ይሆናል። ቤት ይሠራል።»

ሁሉም ገና ይስቃል። የባንቺአየሁ ሳቅ ግን ቀጥ አለ። አየሁት።

ያን ዕለት ከትምህርቱ እንደ ወጣን ባንቺአየሁ እሌኒን ወደ ራሷ ክፍል አስገባች፤ እኔንም እጄን ይዛ ጎተተችኝ። በሩን ዘጋች። የቀሚሷን ደረት ገለጥ አድርጋ የእሌኒን ጣት ወስዳ ጠጠሯ ላይ አሳረፈች።

«ይህችስ ሸማ ናት ባዘቶ?»

እሌኒ ጣቷን ቶሎ አነሣች። «እትዬ… ይህን የሚያውቅ ሐኪም ነው። ዛሬ ሳይሆን ትናንት መሄድ ነበረብዎ።»

«የኔታ ብረት አይነካሽም ብለዋል።»

«እኔ አነጋግራቸዋለሁ!» አልሁ እኔ።

«አንቺ ተዪ፣ አንቺ ስትናገሪ ሰው ጠብ ይመስለዋል» አለችኝ። «የኔታ በቃል አይረቱም። በቃል የሚረታቸው ቢገኝማ ወንበሩን ለእሱ ለቀው ዘጌ ገዳም በገቡ። ደግሞስ እኔ ራሴ ሸማ ባዘቶ ይሆናል ሲሉኝ መች አመንሁ? እሌኒዬ፣ መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ። ካየሁ አምናለሁ፤ ካመንሁ አፌን ታውቂዋለሽ።»

«የሚታይ ነገር አለ» አለች እሌኒ ቀስ ብላ። «የታቀፈ እንቁላል ያስፈልገኛል። ሁለት ዶሮ፣ አንዷ ቀድማ፣ አንዷ ዘግይታ የታቀፈች።»

ጊዜው ሁዳዴ ነው። በእኛ አገር በሁዳዴ ዶሮዋ አትጾምም፤ ትጥላለች። የሚጾመው ባለቤቷ ነው። እንቁላል አይበላ፤ አይጣል፤ እንግዲህ ይታቀፋል። ባንቺአየሁ ገብስማዋን አስቀድማ አስታቀፈች፤ ሁለት ቀን ቆይታ ቀይቱን አስከተለች። እኛ ሦስታችን የዶሮ ቤቱን በር እንደ ባንክ ስንጠብቅ ሰነበትን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እሌኒ ከሁለቱም ሥር እንቁላል ወስዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ፣ ከማን ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨች? ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለሱት ከመሪጌታ ጋር!

«እሌኒ!» አሉ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ምነው ልጄ! ሁዳዴ አይደለም ወይ? ያውም ከታቀፈች ዶሮ ሥር! ያውም ጫጩት የሚሆን እንቁላል!»

«ልበላው አይደለም፣ የኔታ! ላየው ነው።»

«ላየው? ሔዋንም እኮ መጀመሪያ አየች። ከዚያ ነው የበላች።»

«እውነቴን ነው፣ የኔታ። ትምህርት ቤት ወስጄ በማይክሮስኮፕ…»

«ዛፉም ለዓይን ያማረ ነበር ይላል መጽሐፉ!»

ባንቺአየሁ ከማድ ቤት ራሷን ብቅ አደረገች። «ሔዋን እኮ የበላች ብቻዋን ስለ ተተወች ነው፣ የኔታ። አዳም አብሮ ሄዶ ቢጠብቃት ኖሮ ዛሬ ሁላችን ገነት ነበርን። እርስዎስ ለምን አብረው ሄደው አይጠብቋትም?»

መሪጌታ አሰቡ። ነገሩ ሕግ አለው።

«እሄዳለሁ» አሉ። «አንድ እንቁላል እንኳ በአንድ አፍ እንዳይገባ እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ የቅኔው መምህር፣ ጾምን ሊጠብቁ፣ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ የባዮሎጂ ክፍል ገቡ። ባንቺአየሁና እኔ ከኋላ ሳቃችንን ውጠን ተከተልን።

ክፍሉ ባዶ ነው። በመስኮቱ የጣና ብርሃን ይገባል። እሌኒ ማይክሮስኮፑን ወደ ብርሃኑ አዞረችና የቀይቱን እንቁላል አንሥታ ቅርፊቱን በትንሽ መቀስ እንደ ክዳን ቆረጠች። ከአስኳሉ ላይ እንደ ስስ ወረቀት ያለች ነገር ለይታ፣ ለብ ካለ ጨው ውኃ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ባንቺአየሁ ቀድማ ጎንበስ አለች።

«ይመታል!» ጮኸች። «የኔታ፣ ይመታል! ልብ ነው! እኔን! ገና ምንም ሳይሆን ልቡ ቀድሞት!»

«እስቲ ገለል በይ» አሉ መሪጌታ። መነጽራቸውን አውልቀው ጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ማሕሌት ዝቅ ብሎ ነበር።

«መቁጠሪያ ነው። በጀርባው ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መቁጠሪያ ደርድሮለታል። ግሩም ግብርከ፤ ግሩም ነው ሥራህ!»

«እነዚያን ነው ላሳያችሁ የፈለግሁት» አለች እሌኒ። «እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ቀድሞ ተበትነው ነበር። ተሰብስበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠሩ። አሁን የገብስማዋን ይዩ።»

ሁለተኛውን እንቁላል ቆረጠች። የዚያኛው ፅንስ ትልቅ ነው፤ ዓይኑ ጠቁሯል፣ ደሙ ቀጭን ቀጭን መንገድ አውጥቷል። ባንቺአየሁ አየች፤ አሁንም አየች።

«የፊት የፊተኞቹ መቁጠሪያዎች ጠርዛቸው ጠፋ» አለች። «ፈዘዙ።»

«ከውስጥ ተፈትተዋል። ይህን ደግሞ ይዩ።» እሌኒ ከትምህርት ቤቱ ሣጥን ቀለም የነካ ስስ ቁራጭ የተለጠፈበት መስተዋት አውጥታ አስገባች። «ይህ ከሌላ ፅንስ፣ በዚሁ ዕድሜ፣ በስሱ ተቆርጦ የተቀለመ ነው። ሕዋሳቱ እጃቸውን ለቀው ሲሄዱ ይታያሉ። አከርካሪ አጥንት ሊሆኑ ነው የሚሄዱት።»

ባንቺአየሁ ቀና አለች። «ባዘቶ ሆኗል» አለች። «አቡጀዴው ባዘቶ ሆነ። እሌኒ፣ ውሸታም ያልሁሽን መልሼ ዋጥሁት። ጾም አይፈታም ይሆን?»

ሁላችን ሳቅን፤ ከመሪጌታ በቀር። እሳቸው ሁለተኛውን ደጋግመው ካዩ በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ሐዘንም ድልም ነበረ።

«አላልሁም?» አሉ። «በዓይኔ አየሁ። መቀስ ገባበት፤ መቁጠሪያው ተፈታ። ብረት ነክቶት ተበተነ። እኅቴን እንዲህ ነው ያደረጓት። ሚስቴንም እንዲህ እንዲያደርጓት አልሰጥም።»

እሌኒ ለማሳመን ያመጣችው ነገር ዞሮ በራሷ ላይ መሰከረ። እኔ ልናገር ስል ባንቺአየሁ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አነሣች።

«የኔታ፣ የቀይቱን እንቁላል በምን ከፈተችው?»

«በመቀስ።»

«የገብስማዋንስ?»

«በመቀስ።»

«በየትኛው መቀስ?»

«በዚሁ፣ በያዝሽው።»

«ታዲያ የቀይቱ መቁጠሪያ ለምን አልተፈታም?»

መሪጌታ እንደ ገና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎነበሱ።

«መቀሱ አንድ ነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከክፍሉ አልወጣም። «የቆረጠችውም አንዲት ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው፣ የኔታ?»

«ገብስማዋ… ቀድማ ታቅፋለች።»

«አዎና! የፈታው ቀን ነው። ቅርፊቱ ዝግ ሆኖ፣ ብረት የሚባል ሳይደርስበት፣ በቀኑ ብዛት ተፈታ። አገርነሽም ነፍሷን ይማርና ብረቱ ሲደርስላት መቁጠሪያዋ ተፈትቶ ነበር። ደብቃ ደብቃ፣ ቆይታ ቆይታ ሄደች፤ ብረቱ ምን ያድርግ?» እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። «እኔ እዚህ ታቅፌአታለሁ፣ የኔታ። እርስዎም ያውቃሉ። እስከ መቼ ልታቀፋት?»

መሪጌታ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከወንበሩ በላይ ወጣ። ወደ ሐይቁ አዩ።

«ልጅ ሆኜ በሐይቁ ዳር ደንገል አጫጆችን አይ ነበር» አሉ። «ከዳር ያጨዱት ታንኳ ይሆናል እንጂ አይበተንም። ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ድረስ ተንሳፍፎ ሄዶ ሌላ ዳር ላይ ሥር ሰድዶ የሚገኘው፣ ማንም ሳያጭደው ከርሞ ማዕበል የገነጠለው ነው።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ጎደሎ ቅኔ ይዤ ኖሬአለሁ፣ ባንቺአየሁ።»

«እና?»

«እናማ ሰኞ ማለዳ እንሄዳለን።»

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉን ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሣለው ምን ይዞ ነው? ጦር አይደለም? ያውም ብረት!»

«ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበር ጊዮርጊስ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የተከፈቱትን እንቁላሎች ራሳቸው ወስደው ከግቢው ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ጠባቂ ሆነው አይደል የመጡት? ማንም አልበላም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቀዶ የሚያክም አንድ ኩባዊ ሐኪም ነበረ። በአስተርጓሚ አናገራት። ጡቷን አወጣላት። ከተነሣች በኋላ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ብብቷ ውስጥ ያሉት እጢዎች ንጹሕ እንደ ሆኑ፣ በጊዜ እንደ መጣች ነገራት።

«ገና ሸማ ነበረች በለው» አለችው አስተርጓሚውን። «ባዘቶ ሳትሆን ነው የደረስሁባት በለው።»

አስተርጓሚው ራሱን አከከ። ምን ብሎ እንደ ተረጎመ እንጃ፤ ሐኪሙ ግን ስለ ጨርቅ ፋብሪካው ይጠይቃት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ተጉዟል። እኔም የተገኘውን ወረቀት ሁሉ እየለቃቀምሁ አንብቤአለሁ፤ ያልገባኝን የሚያስረዳኝ ሳጣ እየተሳደብሁ አንብቤአለሁ። ሕዋሳቱ የሚያያዙበት እጅ ስም ወጥቶለታል፤ ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። እሱ ሲጎድል እጁ ይላላል። ሁሉም ደግሞ ፈጽሞ አይፈታም፤ ግማሽ ሸማ ግማሽ ባዘቶ ሆኖ፣ ተጠጋግቶ በቡድን የሚሄድም አለ። ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ዛሬም ይከራከራሉ። ይከራከሩ! እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች በሰው አፍ ለሰው አይነግሩም። ዕውቀቱን እንደ ታቦት ሸፍነው ይዘው፣ ሕዝቡ «ብረት ከነካው» እያለ ሲያልቅ «ያልተማረ ሕዝብ» ይሉታል። ማን ነው ያላስተማረው? እሌኒ አንድ መቀስና ሁለት እንቁላል ነው የፈጀባት።

ባንቺአየሁ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ገባች። በዚያን ጊዜ በጡት ፈንታ የሚደረግ ነገር ከየት ይመጣል? ከገበያ ባዘቶ ገዝታ ጠቅጥቃ፣ ቀሚሷ እንዲስተካከል ግራውን ሞላችው። «በሽታው ባዘቶ ሳይሆን እኔ ሆንሁ» አለችኝ።

ማታ ስንወጣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጥጥና ክር የሚያወጣ እንዳይኖር ሴቶቹን የምትፈትሸው የብርጓል የምትባል፣ ፈገግታ ብርቋ የሆነ ሴት ናት። እኔ ከባንቺአየሁ ቀጥሎ ተሰልፌአለሁ። የብርጓል እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ሳበች። ነጭ ባዘቶ ተመዘዘ።

«ያዝኋት!» ጮኸች። «የመንግሥት ጥጥ! ያዝኋት!»

«ኧረ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እቱ» አለች ባንቺአየሁ፣ «ጡቴ ነው!»

ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። የብርጓል ይበልጥ ተቆጣች። «ያሾፍሽብኝ መሰለሽ? የሕዝብ ንብረት ነው!»

«የኔም ጡት የሕዝብ ንብረት ነበረ፤ አምስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። ከሰረቅሁ ሌባዋ እኔ፤ የወሰደውን ከፈለግሽ ኩባዊውን ጠይቂው።» ከዚያ የየብርጓልን እጅ ይዛ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈችላት። «ነቀርሳ ነበር። ብረት ነካው። ይኸው ቆሜአለሁ፤ አልተበተንሁም።»

የብርጓል የመዘዘችውን ባዘቶ ራሷ መልሳ አስገባች፤ በመዳፏ አስተካከለችው። ከዚያ ወደ ባንቺአየሁ ጆሮ ተጠጋች። የተናገረችውን ማንም አልሰማም። እኛ ሸማኔዎች ግን ከንፈር እናነባለን።

«እትዬ» አለች ከንፈሯ፣ «እኔም አለብኝ።»

ሹክሹክታዋ ከግቢዬ የሚሰማው ያቺ ሴት፣ ያን ጊዜ ድምፅ የሚባል ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ መለሰችላት፦ «ነገ ጧት። ከእኔ ጋር።»

በማግስቱ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ አየሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይመራሉ፤ በመንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «መቀሱ አንድ ነው!» እያሉ ያስረዳሉ። የሚያስቅ ነበር፤ ሰውም ሳቀ። የብርጓል ግን ዳነች። በበሩ ላይ ለብዙ ዘመን ፈተሸችን፤ ስትፈትሽም እጇ ደረታችን ላይ ትንሽ ቆየት ይል ጀመር፤ ጥጥ ፍለጋ አልነበረም። ባንቺአየሁም ጡረታ ወጥታ፣ የልጅ ልጆቿን አደንቁራ ኖረች።

አሁን እንቁላሉን ወደ ቦታው መልሱት። እጃችሁ ነፃ ነው። አንቺ ይህን የምታነቢ፣ ጠጠር ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም፤ ነገር ግን በጣት አይለይም፣ በመደበቅም አይለይም። ዛሬ ገላሽን ስትታጠቢ እጅሽን ደረትሽና ብብትሽ ላይ አሳርፊ። ባልነበረበት የመጣ ነገር ካገኘሽ አትታቀፊው፤ ለአንድ ሰው ንገሪና ነገ ጧት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አንተ ደግሞ ሚስትህ፣ እናትህ፣ እኅትህ «እኔም አለብኝ» ያለችህ እንደ ሆነ፣ እባክህ ስለ ብረት አታውራላት፤ ጫማህን አድርግና ከፊት ከፊት ምራት።